«እጅግ ረዥም ጊዜ» ስንት ሰዓት ነው?

የእጅ ሰዓታችን በቀን ሁለት ሴኮንድ ቢዘገይ ላናስተውለው እንችላለን። በወሩ ግን አንድ ደቂቃ ይጎድላል። ጥቃቅን ስሕተቶች በሶፍትዌር ውስጥም እንዲሁ ይጠራቀማሉ። ሶፍትዌር በሥራ ላይ የሚቆየውን ያህል ካልተፈተነና ካልተለካ ምን ሊያስከትል እንደሚችል በአንድ አሳዛኝ ታሪክ እንመልከት።

የካቲት 18 ቀን 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991) በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ከኢራቅ የተተኮሰ ስከድ ሚሳይል በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በዳህራን በሚገኝ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ላይ ወድቆ 28 ወታደሮችን ገደለ። አካባቢውን የሚጠብቀው ፓትሪዮት የተባለው ፀረ ሚሳይል መሣሪያ አልተኮሰም።

አንድ ዐሥረኛ ሴኮንድ

የፓትሪዮት ራዳር በራሪ አካል ሲያይ፣ ከፍጥነቱና ከታየበት ጊዜ ተነሥቶ ቀጥሎ የት እንደሚገኝ ያሰላል፤ ከዚያም በዚያ ውሱን ስፍራ ብቻ ይፈልገዋል። ኮምፒዩተሩ ጊዜን በዐሥረኛ ሴኮንድ ይቆጥርና ወደ ሴኮንድ ለመለወጥ በ0.1 ያባዛው ነበር። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። አንድ ሦስተኛ 0.333... ተብሎ ሲጻፍ መጨረሻ እንደሌለው ሁሉ፣ አንድ ዐሥረኛም በኮምፒዩተር የ0 እና የ1 አጻጻፍ ማለቂያ የለውም። ቦታው 24 ቢት ብቻ ስለነበረ የተረፈው ተቆርጦ ተጣለ። የተጣለው 0.000000095 ያህል ነው።

ኢምንት ይመስላል። ሆኖም መሣሪያው በዕለቱ ሳይጠፋ ከ100 ሰዓት በላይ ሠርቶ ነበር። በ100 ሰዓት ውስጥ 3,600,000 ዐሥረኛ ሴኮንዶች አሉ፤ ብናባዛው ስሕተቱ 0.34 ሴኮንድ ይሆናል። ስከድ በዚህች ቅጽበት ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ራዳሩም ሚሳይሉን በሌለበት ስፍራ ፈለገው።

ያልተነገረው ቁጥር

ፓትሪዮት የተነደፈው ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ በአንድ ጊዜ ለጥቂት ሰዓታት እንዲሠራ ነበር። ጉድለቱ ግን ከአደጋው በፊት ተለክቷል። የካቲት 4 ቀን እስራኤላውያን ተጠቃሚዎች ከ8 ሰዓት ተከታታይ ሥራ በኋላ የፍለጋው ስፍራ 20 በመቶ እንደሚዛነፍ አስታወቁ። ዒላማው የሚጠበቀው በስፍራው መካከል በመሆኑ መዛነፉ 50 በመቶ ሲደርስ ያመልጣል። ቀላል ስሌት ይህ በ20 ሰዓት ገደማ እንደሚሆን ያሳያል።

የካቲት 14 ቀን ለተጠቃሚዎች የተላከው ማስጠንቀቂያ «እጅግ ረዥም» ጊዜ መሥራት መዛነፍን እንደሚያስከትል ገለጸ እንጂ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ አልተናገረም። መሣሪያውን አጥፍቶ ማስነሣት ሰዓቱን ወደ ዜሮ ይመልሰው ነበር፤ የሚወስደውም ከሁለት ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው። የታረመው ሶፍትዌር ዳህራን የደረሰው በአደጋው ማግስት ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ፕሮግራም ለአምስት ደቂቃ በትክክል ስለ ሠራ ለአምስት ቀን ይሠራል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከሚጠበቅበት በላይ ለረዥም ጊዜ፣ ከሚጠበቅበትም በላይ ጫና ተሰጥቶት ሊፈተን ይገባል። በየሰዓቱም የሰዓቱን መዛነፍ፣ የያዘውን የማኅደረ ትውስታ መጠንና መልስ ለመስጠት የፈጀበትን ጊዜ መዝግበን በግራፍ እንሣል። መሥመሩ አግድም ከሆነ መልካም ነው። ሽቅብ ካዘነበለ ግን አስጊውን ወሰን በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ እናስላ፤ ምክንያቱንም ፈልገን እናርም። እስኪታረም ድረስ ለተጠቃሚው ልንነግረው የሚገባው «እጅግ ረዥም» የሚለውን ቃል ሳይሆን ያንን ቁጥር ነው።