የውስጥ ግድግዳ ከመፍረሱ በፊት ሊመረመር የሚገባው ነገር

ልጅ ለመዳር የታሰበ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ የቤተ ሰቡ ዓይን የሚያርፈው በሳሎኑና በመኝታ ቤቱ መካከል በቆመው ግድግዳ ላይ ነው። «ይህ ቢፈርስ ቤቱ እንዴት በሰፋ ነበር» ይባላል፤ በማግሥቱም ሠራተኛ ይጠራል። እኛም ባንድ ወዳጃችን ቤት ለእንዲህ ያለው ምክር ተገኝተን ነበር። ቤቱ ግድግዳው ጭቃ፥ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ፥ ዕድሜው የገፋ ነው። የመጣው ሠራተኛ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳና «ይህ ጭቃ ብቻ ነው፥ ምንም አልተሸከመም» ብሎ ዶማውን አነሣ። እመቤቲቱ ግን «አስቀድሞ ላዩ ይታይልኝ» ብለው ከለከሉት። ከኮርኒሱ ጥቂት ተነሥቶ ባትሪ ቢበራበት፥ በጭቃው ውስጥ ተሰውረው የኖሩ ሁለት ቋሚዎች እስከ ጣሪያው አናት ወጥተው፥ ወራጆቹ የሚያርፉበትን አግዳሚ ተሸክመው ተገኙ። የእመቤቲቱ ቃል ባይሰማ ኖሮ፥ ጣሪያው ከሠርገኛው ቀድሞ በገባ ነበር።

በጭቃ ቤት የሚሸከመው ጭቃው ሳይሆን በውስጡ ያለው ዕንጨት ነውና፥ ማንኳኳት ብቻውን አያስረዳም። የግድግዳ ውፍረትም ቢሆን የታመነ ምስክር አይደለም። መመልከት የሚገባው ወደ ላይ ነው። የጣሪያው አግዳሚዎች ግድግዳውን አቋርጠው በላዩ ያረፉ ወይም በላዩ የተቀጣጠሉ እንደ ሆነ፥ ያ ግድግዳ ተሸካሚ ነው ብሎ መያዝ ይገባል። ከግድግዳው ጋራ ጎን ለጎን የሚሄዱ እንደ ሆነ ግን፥ ብዙ ጊዜ ክፍል ለመለየት ብቻ የቆመ ነው። በዚህም ቢሆን መቸኰል አያሻም፤ የጣሪያው ዕንጨት በዘመን ብዛት ሲጎብጥ፥ ሲሠራ ምንም ያልተሸከመው ግድግዳ ከጊዜ በኋላ ሸክም ይቀበላል። እንደ መጋረጃ የቆመው ሳይታወቅ ምሰሶ ሆኖ ይገኛል። በእኛ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው ይህ ነው።

ፎቅ ቤት ከሆነ፥ ከላይ በዚያው ትክክል ሌላ ግድግዳ ቆሞ እንደ ሆነ ይታይ። የአርማታ ዓምድና አግዳሚ ባለው ቤት ደግሞ፥ በመካከል የተሞላው ብሎኬት 10 ወይም 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ቢወፍርም፥ አብዛኛውን ጊዜ ሸክሙን ለዓምዶቹ የተወ ነው። ግድግዳው ራሱ ብረት የገባበት አርማታ ከሆነ ግን ማንም አይንካው። የቤቱ ፕላን ያለው ሰው ፕላኑን ለመሐንዲስ ያሳይ።

ተሸካሚ ሆኖ ቢገኝም ተስፋ መቍረጥ አያስፈልግም። መሐንዲሱ ልኩን አስልቶ ያዘዘው አግዳሚ በሁለት ቋሚዎች ላይ ይጋደማል፤ ሸክሙም በቋሚዎቹ በኩል ወርዶ በጽኑ መሠረት ላይ ማረፍ አለበት። አሮጌው ግድግዳ ከመነካቱም በፊት ጣሪያው በድጋፍ ዕንጨት ይያዝ፤ ፈቃድም ይጠየቅ።

በወዳጃችን ቤት መሐንዲሱ አይቶ ከፈቀደ በኋላ ጭቃው ብቻ ተነሣ። ሁለቱ ቋሚዎች ተላግተው በስፍራቸው ቀሩ፤ ሙሽሮቹም በመካከላቸው ተቀመጡ።