ከባንክ ስቴትመንት ወደ ሂሳብ ሶፍትዌር፦ የመኪና ሻጮች አሠራር ለከብት ነጋዴ

መኪና ሻጭ እያንዳንዱን መኪና በሻንሲ ቁጥሩ ያውቀዋል። ለግዢ፣ ለማጓጓዣ፣ ለቀረጥና ለጥገና ያወጣውን ሁሉ በዚያው ቁጥር ሥር ይመዘግባል። የባንክ ስቴትመንቱን ወደ ሂሳብ ሶፍትዌር ሲያስገባም እያንዳንዱ መስመር የየትኛው መኪና እንደሆነ ስለሚታወቅ ትርፍና ኪሳራው በመኪና ይለያል። ከብት ሻንሲ የለውም፤ ጭነት ግን አለው። በሞያሌ፣ በቶጎ ውጫሌ ወይም በመተማ በኩል ለሚወጣ ለእያንዳንዱ ጭነት ቁጥር ከሰጡ ይኸው አሠራር ለእርስዎም ይሠራል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የአንድ ጭነት ገንዘብ ለአርብቶ አደሩ፣ ለደላላው፣ ለመኖና ለመኪና ኪራይ ይበታተናል፤ ገዢውም ክፍያውን ከፋፍሎ ሊልክ ይችላል። ግብር ሲሰላ ወይም ሸሪኮች ሲካፈሉ ማብራሪያ የሌለው ገቢ ሁሉ ሽያጭ ይመስላል። የሸሪክ መዋጮም ይሁን የተመለሰ ብድር፣ ማስረጃው ካልተያዘ ማስረዳት ይከብዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. ስቴትመንቱን ከባንኩ በኤክሴል ይጠይቁ። በፒዲኤፍ ብቻ ከተሰጠዎት ወደ ኤክሴል ይቀየራል። በስልክ ፎቶ ከተነሳ ወረቀት የሚቀየር ግን 3ቱን 8 አድርጎ ሊያነብ ስለሚችል በእጅ መመሳከር አለበት።

2. ዓምዶቹን ያስተካክሉ። ኩዊክቡክስ ኦንላይን ቀን፣ መግለጫና መጠን ያሉትን የሲኤስቪ ፋይል ይቀበላል። ፒችትሪ ደግሞ ለእያንዳንዱ ግብይት የሂሳብ መደብ ቁጥርም ይፈልጋል። የጭነቱን ቁጥር በመግለጫው መጀመሪያ ላይ ይጻፉ።

3. ቀኑን ይጠብቁ። 12/01/2025 ለአንዱ ኮምፒውተር ጃንዋሪ 12፣ ለሌላው ዲሴምበር 1 ነው። በማስታወሻ ደብተርዎ ጥር 4 ቀን 2017 ያሉት ግዢ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 12 ቀን 2025 ነው። ጳጉሜንን ሶፍትዌሩ ስለማያውቅ ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር ይቀይሩ።

4. ረጅም ቁጥሮችን በጽሑፍ መልክ ያስቀምጡ። ኤክሴል 13 አሃዝ ያለውን የሂሳብ ቁጥር አሳጥሮ ስለሚያሳይ፣ በዚያው ሁኔታ ወደ ሲኤስቪ ከተቀመጠ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ይጠፋሉ። ከገንዘብ መጠን ላይ ደግሞ «ብር» የሚለውን ቃልና የሺህ ነጠላ ሰረዝን ያንሱ።

5. ዴቢትና ክሬዲትን አያምታቱ። በባንኩ ስቴትመንት ላይ ክሬዲት ማለት ለእርስዎ የገባ ገንዘብ ነው። በራስዎ መዝገብ ግን የባንክ ሂሳብዎ ሲጨምር ዴቢት ይባላል።

6. ከማስገባትዎ በፊት ያመሳክሩ። መነሻ ቀሪው 340,000 ብር፣ የገባው 1,250,000፣ የወጣው 1,180,000 ከሆነ መድረሻው 410,000 መሆን አለበት። አንድ ብር እንኳ ከጎደለ የተዘለለ ወይም የተሳሳተ መስመር አለ።

7. ወር ደግመው አያስገቡ። ሰኔን ካስገቡ በኋላ የሰኔና የሐምሌን አንድ ላይ ቢጭኑ የሰኔው ሽያጭ እጥፍ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

የብር፣ የሺሊንግና የዶላር ሂሳቦችን በአንድ ፋይል አይቀላቅሉ። እያንዳንዱን ለብቻው አስገብተው የተመነዘረበትን ዕለት ዋጋ ከነደረሰኙ ያስቀምጡ። በጥሬ ገንዘብ የከፈሉት በስቴትመንት ላይ ስለማይታይ ከደብተርዎ በዚያው የጭነት ቁጥር ይመዝግቡት።

በነጻ እንቀይራለን ለሚሉ የማያውቋቸው ድረ ገጾች ስቴትመንትዎን አይስጡ። የገዢዎችዎ ስም፣ የሂሳብ ቁጥርዎና የዋጋዎ ሁሉ ዝርዝር በውስጡ አለ። ሥራውን በራስዎ ኮምፒውተር ወይም በሚያምኑት የሂሳብ ሠራተኛ ያሠሩ፤ ዋናውንም ፒዲኤፍ ሳይነኩ ያቆዩት፤ ጥያቄ ሲነሳ መመሳከሪያው እሱ ነው።