ለቤተሰብ መኪና ኦል ቴሬን ጎማ መቼ ይገዛል?

ክረምት ሊገባ ሲል በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ፦ «ጎማ ልቀይር ነው፤ ኦል ቴሬን ይሻለኛል ወይስ የአስፋልቱ?» አሁን የጠየቀችኝ ልደታ ኮንዶሚኒየም የምትኖር እህታችን ናት። ራቭ ፎር ትነዳለች፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ ወላጆቿ ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ናቸው። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለችንን መኪና ይዘን መቆየታችን ስለማይቀር፣ መልሱን ለሁላችሁም ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

✅ መኪናዋ የት ነው የምትውለው?

ከልደታ ሜክሲኮ፣ ጦር ኃይሎች፣ አብነት፤ ትምህርት ቤት፣ ሥራ፣ ገበያ። ይህ ሁሉ አስፋልት ነው፤ ቢበዛ ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ያጋጥማል። ለዚህ የተሠራው ኤች/ቲ የሚባለው ጎማ ነው። ጥርሱ የተቀራረበ ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ቤንዚንም አያባክንም። ኦል ቴሬን፣ ማለትም ኤ/ቲ፣ ጥርሱ ሻካራና የተራራቀ ነው፤ ጠጠርና ጭቃ ላይ ቆንጥጦ ይይዛል፣ ጎኑም ብዙ ጊዜ ጠንከር ያለ ነው። በአንጻሩ አስፋልት ላይ ያጉረመርማል፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ እርጥብ መንገድ ላይም ከጥሩ ኤች/ቲ ጎማ ዘግይቶ የሚቆመው ይበዛል። የሰኔ ዝናብ አቧራና ዘይት የጠጣውን አስፋልት ገና ሲያረጥበው፣ ከፊታችሁ ያለው ታክሲ ሰው ለመጫን ድንገት ሲቆም፣ ልጆቻችሁን የምታተርፈው ያቺ የጥቂት ሜትር ልዩነት ናት። ስለዚህ መኪናችሁ ከከተማ የማትወጣ ከሆነ፣ ቁመናዋን ያሳምራል ብላችሁ ኦል ቴሬን አትግዙ።

የእህታችን ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወላጆቿ ቤት የሚያደርሰው ግን ፒስታ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ መረሬ። ሹል ድንጋይ የጎማውን ጎን ከቀደደው ጎሚስታ የሚያድነው አይደለም፤ ጎማው ይጣላል። እንዲህ ያለ መንገድ በየበዓሉ የሚጠብቀው ሰው ለስለስ ያለ ኦል ቴሬን ቢገዛ ገንዘቡን አላባከነም። የረጠበ መረሬ ላይ ግን ኦል ቴሬንም ጥርሱ ይደፈናል፤ ዝናቡ እስኪያባራና መሬቱ እስኪጠፍፍ መቆየትን የሚተካ ጎማ የለም። ኤም/ቲ የሚባለው የጭቃ ጎማ ለቤተሰብ መኪና አይሆንም።

✅ ከመግዛታችሁ በፊት ጎማውን አንብቡት

የምርቱ ስም ብቻውን አይበቃም። ብሪጅስቶን ዱለርም ሆነ ዮኮሃማ ጂኦላንደር ኤች/ቲም ኤ/ቲም አላቸው፤ ፊደሉን እዩ።

ልኩ የሹፌሩ በር ጋ ከተለጠፈው ጽሑፍ ጋር ይመሳከር። ብዙ ራቭ ፎሮች ላይ 225/65 17 ነው። ቀጥሎ 102 የሚል ቁጥር ካለ አንዱ ጎማ እስከ 850 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ፋብሪካው ካዘዘው በታች አትውረዱ። ባለ 10 ፕላይ የጭነት ጎማ ግን ለእንዲህ ያለ መኪና ይደርቅባታል፣ ልጆቹንም ያንገጫግጫል።

ከዚያ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ የጎማው ጎን ላይ የተመረተበትን ጊዜ የሚናገረውን ባለ 4 አኃዝ ቁጥር ፈልጉ። 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ጎማው ከመገጠሙ በፊት አገላብጡት። ጥርሱ ያልተነካ ጎማም መጋዘን ውስጥ ያረጃል። ብዙ አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ቢበዛ በ10 ዓመት እንዲቀየር ይመክራሉ።

የበረዶ ምልክት ያለበትን ምረጡ የሚለው የኢንተርኔት ምክር ለካናዳና ለኖርዌይ ነው፤ ለእኛ ዝናብና ድንጋይ ይበቃናል።

✅ ከተገጠመ በኋላ

መኪናዋ በአራቱም እግር የምትጎትት ከሆነች አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነት፣ አለባበሳቸውም የተቀራረበ ይሁን፤ አለዚያ ጉዳቱ ወደ ካምቢዮና ዲፈረንሻል ይሄዳል። ስኮርታውንም አትርሱት።

ንፋስ የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ሻንጣና ሰው ሲሞላ በሩ ላይ ለጭነት የተጻፈውን ያዙ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሙቀቱም ሌላ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጭነት ተሸክሞ ሲተጣጠፍ ከውስጥ ይግላል፣ የሚፈነዳውም በዚህ ነው። መንገድ ላይ ለክታችሁ ቁጥሩ ከፍ ቢልባችሁ አታስተንፍሱት፤ ሙቀቱ ነው ከፍ ያደረገው።

በመጨረሻ ለእህቴም ለእናንተም፦ ገንዘባችሁ ለአራት ጥሩ ኦል ቴሬን ካልደረሰ፣ ዕድሜው የገፋ ርካሽ ኦል ቴሬን ከምትገዙ አራት አዲስ የአስፋልት ጎማ ግዙና ፒስታው ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ። የተጠራጠራችሁትን ጎማ ጎኑን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።