የጓሮው ቧንቧና ከጡቡ በስተጀርባ ያለው

ዖሜር ባለው የእህቴ ቤት፣ ጓሮ በኩል ካለው ከሚንጠባጠበው ቧንቧ ሥር እናቴ ማታ ማታ ባልዲ ትደቅን ነበር። ጠዋት ጤና አዳሟንና በሶብላዋን ታጠጣበት ነበር። ባለፈው ሰሞን በአሥር ሰዓት ውስጥ ስንት እንደተጠራቀመ ለካሁት፤ አምስት ሊትር። በቀን 12 ሊትር፣ በዓመት ከ4 ሜትር ኩብ በላይ ማለት ነው። እናቴ ቁጥሩን ሳትሰማ ፈርዳለች። «እኔ ውሃ በእንስራ አዝዬ ዳገት የወጣሁ ሰው ነኝ። ዛሬውኑ ሥራው፣ ልጄ» አለችኝ።

ፍርዷ ለአገሩም የሚገባ ነው። ዖሜር የቤርሳቤህ ጎረቤት ናት፤ አብርሃምና አቢሜሌክ በውሃ ጉድጓድ ተካስሰው የተማማሉባት ቤርሳቤህ። በዓመት የሚዘንበው 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ደቡብ ውሃ የሚያመጣው ብሔራዊ መስመር እ.ኤ.አ. በ1964 ከገሊላ ባሕር ተነሥቶ ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ጨዉ የወጣለት የሜዲትራኒያን ውሃም ተጨምሮበታል።

የድሮው ዓይነት ቧንቧ ውስጡ ቀላል ነው። እጀታው ሲዞር ባለ ጥርስ ዘንግ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ክብ ጎማ ውሃ የሚያልፍበትን የነሐስ ቀዳዳ ተጭና ትደፍነዋለች። ስለዚህ ውሃው የሚወጣበት ቦታ ሕመሙን ይናገራል። ከአፉ ከተንጠባጠበ ጎማዋ አርጅታለች፤ ከእጀታው ሥር ከወጣ የዘንጉ ማሸጊያ ላልቷል። ሁለቱም ቧንቧው ሳይነቀል ይጠገናሉ። የእኛው ግን ጎማው ተቀይሮለትም አልቆመም፤ የነሐሱ ከንፈር ራሱ ተቦርቡሯል። በዚያ ላይ እጀታውን በጉልበት ማጥበቅ ይብስ ይበላዋል።

ስለዚህ ቧንቧውን ነቅሎ መቀየር ግድ ሆነ፤ አደጋው ግን ያለው በማይታየው በኩል ነው። ቧንቧው የሚገባው ከግድግዳው ብቅ ባለች አጭር ማራዘሚያ ውስጥ ነው፤ ማራዘሚያዋ ጡቡን አልፋ ከውስጥ ከተቀበረ ኤልቦ (የታጠፈ መገጣጠሚያ) ጋር ትገናኛለች። የብረት ቱቦ ከሆነ ለዓመታት ዝጎ ሊሆን ይችላል። ሰው ቧንቧውን ብቻ በመፍቻ ይዞ ሲታገል ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ኤልቦ ላይ ነው። ከተሰነጠቀ ጡብ ማፍረስ ይመጣል። መሰንጠቁ ካልታወቀ ደግሞ የከፋ ነው፤ ውሃው በግድግዳው ባዶ ሆድ እየወረደ መሠረቱን ያርሳል። ልጆች የማጠጫውን ጎማ እየጎተቱ ቧንቧውን ሲያወዛውዙትም የሚጎዳው ይኸው ኤልቦ ነው።

ስለዚህ ሁለት መፍቻ ያስፈልጋል። ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋና መዝጊያ ዘጋሁና ቧንቧውን ከፍቼ የቀረውን ውሃ አፈሰስኩ። ቀድሞ የገጠመው ሰው ዙሪያውን በሲሚንቶ ደፍኖት ስለነበር ለመፍቻ የምትበቃ ቦታ ለማግኘት በትንሽ መሮ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አልቆጨኝም። ከዚያ በአንዱ መፍቻ ማራዘሚያዋን እንዳትንቀሳቀስ ያዝኩ፣ በሌላው ቧንቧውን ወደ ግራ ፈታሁ። እምቢ ካለ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭቶ ማሳደር ነው። ማራዘሚያዋ አብራ መዞር ከጀመረች ግን እዚያው ላይ አቁሙና ባለሙያ ጥሩ።

አዲሱን ስትገዙ «ግማሽ ኢንች» ይሏችኋል። ብትለኩት ጥርሱ ከዳር እስከ ዳር 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ኢንች ግን 12.7 ብቻ። ስሙ የወጣው ከድሮው የብረት ቱቦ የውስጥ ቀዳዳ ነው። አሮጌውን ይዛችሁ መሄድ ይሻላል። እኔ የመረጥኩት በሩብ ዙር የሚከፈተውን ነው። ውስጡ መሐሏ የተበሳ ኳስ አለች፤ ቀዳዳዋ ከውሃው መንገድ ጋር ሲገጥም ይፈስሳል፣ ስትዞር ይቆማል። በጉልበት የሚጨመቅ ጎማ ስለሌለው ለሚያጠብቅ እጅ ይስማማል።

የማሸጊያ ጥብጣቡን፣ ቴፍሎኑን፣ የጥርሱን ጫፍ ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ በሰዓት አቅጣጫ ጠምጥሙት፣ ስምንት ዙር ያህል። በተቃራኒው ከተጠመጠመ ቧንቧው ሲገባ እየተገፈፈ ይወጣል። ትዕግሥት የሚጠይቀው ቀጥሎ ነው። የቧንቧው አፍ መሬት መሬት ማየት አለበት። ጠብቆ አፉ ትንሽ ቢያልፍ «እስቲ ጥቂት ልመልሰው» ያሰኛል። ቴፍሎን ግን ወደ ኋላ ሲመለስ ይላላል፣ ውሃም መንገድ ያገኛል። ፈትቶ፣ ጥርሱን ጠርጎ፣ አንድ ሁለት ዙር ጨምሮ እንደገና መግጠም ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። በመግጠሙም ጊዜ ማራዘሚያዋን የሚይዘው መፍቻ ከቦታው አይነሣም።

ዋናውን ስከፍት በመጀመሪያ ያየሁት ቧንቧውን ሳይሆን ቆጣሪውን ነው። ቤት ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ ተዘግቶ የቆጣሪው ትንሿ መዘውር ከዞረች፣ ውሃው ግድግዳው ውስጥ እየሄደ ነው። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፤ አልዞረችም።

በጡቡና በማራዘሚያዋ መካከል የቀረውን ክፍተት በሲሚንቶ አልመለስኩትም። በሲሊኮን ከላይና ከጎን ደፈንኩት፤ ከታች በኩል ግን የጣት ጫፍ የምታህል ክፍት ተውኩ። ውስጥ የሚፈስ ነገር ካለ በዚያ ወጥቶ ይታያል። እናቴ አሁን በሶብላዋን ልታጠጣ ስትወጣ መጀመሪያ ጣቷን ወደዚያች ክፍት ሰድዳ ትዳስሳለች፤ ከዚያ ባልዲዋን ትደቅናለች።