አያት ካለች አስተማሪ አለ

ለመሆኑ ሀገር ቤት ሰፌድ ከቦ ምስር ሳይለቅም ያደገ ማን አለ? ጠጠሩን ለብቻ፣ እንክርዳዱን ለብቻ፣ ጥሩውን ለብቻ እያደረግን ስንለይ የሒሳብ ትምህርት እየወሰድን መሆኑን የነገረን አልነበረም። እዚህ ኦክላንድና ሳን ሆዜ ምስሩ ተለቅሞና ታሽጎ ስለሚሸጥ ሰፌዱ የግድግዳ ጌጥ ሆኗል፤ ልጁም ጓዳውን ትቶ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጧል።

ከ2025-26 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በካሊፎርኒያ እስከ ሴፕቴምበር 1 አራት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ በሕዝብ ትምህርት ቤት ትራንዚሽናል ኪንደርጋርተን በነጻ መግባት ይችላል። ታዲያ ከወዲሁ ልጁን በእንግሊዝኛ እስከ መቶ የሚያስቆጥር ወላጅ ሞልቷል። “አማርኛው ያደናግረዋል” ብሎ አያቱን ዝም የሚያሰኝም አለ። በእኛ በኩል ይህ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል እንላለን። ስቴቱ በ2008 ያወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት መመሪያ ከመቁጠር ጎን መለየትንም አስፍሯል፤ ልጅ በአራት ዓመቱ ገደማ ዕቃን በአንድ መለያ፣ በአምስት ዓመቱ ገደማ ደግሞ በአንድ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ መለያ እንዲመድብ ይጠብቅ ነበር። ለዚህ እንግሊዝኛ ግድ አይደለም።

ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ደባልቃችሁ ሰፌዱ ላይ አፍስሱ። “ለይልኝ” በሉት እንጂ በምን እንደሚለይ አትንገሩት። ሲጨርስ “ይህን ለምን እዚህ አደረግኸው?” ብላችሁ ጠይቁ። ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ምክንያቱን ሲያስረዳ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ሻካራ፣ ለስላሳ የሚሉት ቃላት አብረው ይገባሉ። (ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጥራጥሬ አትስጡ፤ ሊያንቀው ይችላል። ለእሱ ማንኪያና ካልሲ ይበቃዋል።)

የስዊሱ ሊቅ ዣን ፒያዤና ባልደረባው ባርቤል ኢንሄልደር በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ በአበባ የሞከሩትን እኛ በጓዳችን እንሞክረው። ሰባት ሽምብራና ሦስት ባቄላ አስቀምጡና “ሽምብራው ይበዛል ወይስ ጥራጥሬው?” በሉ። የአራት ዓመቱ ልጅ ብዙውን ጊዜ “ሽምብራው” ይላል። ሽምብራው ራሱ ጥራጥሬ መሆኑን ይዞ ክፍሉን ከጠቅላላው ጋር ማነጻጸር ገና ይከብደዋልና አትቆጡት። ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆነው ይመጣለታል።

ሁለት ፈረቃ እየሠራን ከየት ጊዜ እናምጣ ለምትሉ፣ መቼም ልብስ ማጠባችሁ አይቀርም። ከማድረቂያው የወጣውን ካልሲ ለልጁ ልቀቁለት። የአባትን፣ የእናትን፣ የራሱን ይለይ፤ ከዚያ ጥንድ ጥንዱን ይፈልግ፤ አንዱ ካልሲ ብቻውን ሲቀር ደግሞ ለምን እንደቀረ ለአያቱ በአማርኛ ያስረዳ።