ለቺፕ ስም ማውጣት

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። በኤሌክትሮኒክስ ዓለም ግን ስም አውጪው መሐንዲስ ነው፤ መሐንዲስ ደግሞ ይሳሳታል። በዚህ ጽሑፍ አንድ ያልጠራ ስም በፍላሽ ሜሞሪ ላይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል እንመለከታለን።

በራውተሮችና በልዩ ልዩ አነስተኛ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገኘው ናንድ የተባለው ፍላሽ ሜሞሪ መረጃን የሚይዘው በጥቃቅን ክፍሎቹ በታመቀ የኤሌክትሪክ ሙል ነው። ይህ ሙል ከጊዜ ብዛት ስለሚሾልክ አንዳንድ ቢቶች ይገለበጣሉ። ስለሆነም የሜሞሪው ተቆጣጣሪ መረጃ ሲጽፍ የማረሚያ ባይቶችን አስልቶ አብሮ ያስቀምጣል፤ ሲያነብም በእነርሱ አማካይነት የተገለበጡትን ፈልጎ ያቃናል። ስሌቱ ግን ከተቆጣጣሪ ተቆጣጣሪ ይለያያል። በአንዱ ስሌት የተጻፈው በሌላው ሲነበብ ደህናው መረጃ የተበላሸ ይመስላል፤ መሣሪያውም ጨርሶ መነሳት ሊያቅተው ይችላል።

ታዲያ ሊኑክስ የትኛው ተቆጣጣሪ እንደገጠመው በምን ያውቃል? በዩኤስቢ የሚሰካ ዕቃ ማንነቱን ራሱ ይናገራል። በቺፕ ውስጥ የተቀበረ ተቆጣጣሪ ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ነው። ስለ እርሱ የሚናገርለት ዲቫይስ ትሪ የሚባለው የመሣሪያ ገለጻ ነው፤ የዘር ሐረጉም በ1994 እ.ኤ.አ. ከወጣው የኦፕን ፈርምዌር ደረጃ ይመዘዛል። በገለጻው የመሣሪያው ስሞች ተራ ይዘው ይሰፍራሉ፤ እጅግ የተለየው በፊት፣ አጠቃላዩ በኋላ። ከርነሉ እነዚህን ስሞች ከድራይቨሮቹ ጋር ያመሳክራል።

ዴናሊ የተባለው ኩባንያ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. በኬደንስ የተገዛው፣ ለሌሎች ቺፕ ሠሪዎች ይሸጥ የነበረው የተቆጣጣሪ ንድፍ ነው። ገዢው ንድፉን እንደ ፍላጎቱ ያስተካክለዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. ግን ሊኑክስ ለዚህ ንድፍ «ዴናሊ-ናንድ-ዲቲ» የሚል አንድ ጥቅል ስም ሰጠው። አልቴራ የሠራው በየ512 ባይቱ 8 ወይም 15 ቢት ያርማል። የሶሲዮኔክስት ዩኒፊየር ቺፖች የያዙት ግን በ1024 ባይት የሚሠራ ሲሆን አንዱ ዓይነት 8፣ 16 ወይም 24 ቢት፣ ሌላው 8 ወይም 16 ቢት ብቻ ያርማል። ሦስቱን በአንድ ስም መጥራት አልተቻለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ጥቅሉ ስም ቀርቶ አንድ የአልቴራ፣ ሁለት ደግሞ «ቪ5ኤ» እና «ቪ5ቢ» የሚል ቅጥያ ያላቸው የሶሲዮኔክስት ስሞች ተተኩ።

«የሥሪት ቁጥሩ በራሱ በቺፑ ሬጅስተር ተጽፎ የለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ይሁንና የድራይቨሩ ጸሐፊዎች ሬጅስተሩ ላይታመን እንደሚችል በኮዱ ውስጥ አስፍረዋል። ከዚህም በላይ ድራይቨሩ ለ«ቪ5ኤ»ም ሆነ ለ«ቪ5ቢ» የሚይዘው ቁጥር አንድ ነው፤ 5.1። የማረም አቅማቸውን የሚለየው በገለጻው ላይ ያለው ስም ብቻ ሆነ ማለት ነው።

ቁጥር ሁልጊዜ ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። ብሮድኮም ተቆጣጣሪውን ራሱ ስለሚሠራ የሥሪት ቁጥሩን በስሙ ውስጥ ያስገባል፤ ለአንድ ቺፕ ብቻ የሚሆን ስም ከፊቱ የሚጨመርበትንም ቦታ አልነፈገም። የሊኑክስ መመሪያ በበኩሉ የቤተሰብ ስምንና ማንኛውንም ቁጥር የሚተካ ምልክትን አይፈቅድም፤ የቺፑን የራሱን ስም ይመርጣል።

ጥንቃቄው ከመጠን ያለፈ የሚመስለው ካለ የሁለቱን ዕድሜ ያነጻጽር። ገለጻው ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው ጋር ከፋብሪካ ይወጣል፤ ከርነሉ ግን ከዓመታት በኋላም ይታደሳል። አዲሱ ከርነል የሚያገኘው ያኔ የተጻፈውን ስም ነው።