ከጭን የወረዱ ልጆች

በአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ጭን ላይ የታቀፈ ልጅ ሒሳብ አይጠየቅበትም። ከጭን የሚወርድበትን ቀን የሚወስነው ደግሞ ረዳቱ ነው። ከካዛንቺስ ወደ ስታዲየም ስንሄድ አንዱ ረዳት ልጄን ከላይ እስከ ታች አየውና «እናቴ፣ ይሄ እኮ ጎረምሳ ነው፤ ይከፈልለት» አለኝ። ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበር። ልከራከር አፌን ስከፍት ልጁ ፊቱ በርቶ ከጭኔ ወረደና አጠገቤ ደልደል ብሎ ተቀመጠ። ምን እላለሁ? ከፈልኩ። አሁን 12 ዓመቱ ነው። የ7 ዓመቷ እህቱ ግን ባዶ ወንበር እያለም ጭንሽ ላይ ካልተቀመጥኩ ትላለች። አንዱ ቶሎ ማደግ፣ አንዷ እንደታቀፈች መቆየት ይፈልጋሉ፤ የቤታችን ውሎ በሁለቱ መካከል ነው።

የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው። ቤቴ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም። ነሐሴ ሲጋመስ የዩኒፎርም ሥራ ይጀምርና መስከረም እስኪያልቅ ከመኪናው ቀና አልልም። ሱሪ ስሰፋ ከታች አራት ጣት ያህል ጨርቅ አጥፌ እተዋለሁ፤ ልጁ ሲረዝም ይፈታል። ሲፈታ ግን ጣጣ አለው። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይና ሳሙና ያገኘው ጨርቅ ደብዝዞ፣ ታጥፎ የከረመው እንደ አዲስ ደምቆ ይታያል፤ እጥፋቱ የነበረበትም ቦታ መስመር ይሠራል። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ግድ የላቸውም። አምስተኛ ክፍል ሲደርሱ ግን ያቺን መስመር ከሩቅ ያዩዋታል። «ልጆቹ ይስቁብኛል» ብሎ እንባው የሚመጣ ልጅና «አባትህ ገንዘብ የሚያትም መሰለህ?» የምትል እናት በኔ ቤት በየዓመቱ ይጣላሉ። እናትየዋ እውነቷን ነው፤ የልጁም ኀፍረት እውነት ነው። መስመሯ ላይ በጨርቁ ቀለም ክር ሁለት ረድፍ ስፌት ብደርብበት ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ለዚህች ሥራ አላስከፍልም።

የራሴም ልጅ ነገር እንደዚያው ነው። መንገድ ላይ እጁን ስይዘው ቀስ ብሎ ያስለቅቃል። ጓደኞቹ ፊት «ማሙሽ» ስለው ፊቱ ይለዋወጣል። ጎረቤት ሰላም በል ሲባል ድምፁ አይሰማም። እሷ ደግሞ እሱ የሄደበት ሁሉ ልሂድ ትላለች፤ «እሷ ከመጣች እኔ ቀርቻለሁ» ይላል። ጫማ አንድ ቁጥር አስበልጬ ብገዛለትም ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ጣቱ ጫፍ ይደርሳል።

እኔ በሱ ዕድሜ ከእናቴ ጋር እንዲህ አልጨቃጨቅም ነበር። ጨዋ ስለነበርኩ አይደለም፤ ሰፈሩ ስለነበረ ነው። ያደግሁት ካዛንቺስ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ብዙ አባወራ በአንድ ግቢ በሚኖርበት የቀበሌ ቤት ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቦርሳ ወርውረን ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ፣ ወንዶቹ ብይና የጨርቅ ኳስ፣ ሁላችንም አንድ ላይ ፔፕሲ እንጫወት ነበር። እናቴ የት እንዳለሁ አትጠይቅም፤ ታውቃለች። አስፋልቱ ዳር ከደረስን የማንም እናት ትጠራናለች፣ ስንጣላ የማንም እናት ትገላግላለች፣ ከራበንም ማዕድ የቀረበበት ቤት ገብተን እንበላለን። ከወላጅ ዓይን ትንሽ ራቅ ብለን የምናድግበት፣ ግን ከሰው ዓይን የማንወጣበት ቦታ ነበረን።

በ2017 መጀመሪያ ያ ሰፈር ለኮሪደር ልማቱ ተነሣ። ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። ዛሬ ካዛንቺስ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ አደባባይና የልጆች መጫወቻ አለው፤ ማታ መብራቱ ያምራል። ይህን አላቃልልም። ክረምት ላይ ልጅ አዝላ፣ በጭቃና በመኪና መካከል ጫማዋን እየመረጠች የሄደች እናት የእግረኛ መንገድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ነገር ግን ዥዋዥዌው ሲመጣ «አንተ ልጅ፣ ውረድ!» የሚሉት እትዬ ሄደዋል። መጫወቻው አለ፣ አብረው የሚጫወቱት ልጆች ግን የማን እንደሆኑ አላውቅም፤ እነሱም የኔን አያውቋቸውም። ስለዚህ ልጆች በር ላይ ያገኙት ወደነበረው ጨዋታ አሁን እኛ ወላጆች ቀን ቆርጠን፣ ምሳ ቋጥረን፣ አጅበን ልንወስዳቸው ይገባል። የእሑድ ውሎ መዝናኛ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ሰፈር ይሠራው የነበረውን ሥራ ነው የያዘው።

የኛ መንገድ ብዙ ጊዜ ከቂርቆስ በለገሃር ወደ መስቀል አደባባይ ነው፣ በእግር። ከቤት ሳንወጣ ለሁለቱም እኩል ብር እሰጣለሁ፤ ሲያልቅ አለቀ። ይህን ከመጀመሬ በፊት ከጄላቲ እስከ ፊኛ፣ ከፊኛ እስከ ቺፕስ «ማሚ፣ ግዢልኝ» ማለቂያ አልነበረውም። አሁን ትንሿ ስታዲየም ሳንደርስ ፊኛ ገዝታ ትጨርሳለች፤ ትልቁ ደግሞ ብስክሌት ለመከራየት ብሩን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ይውላል። ፊኛው የፈነዳ ዕለት አልቅሳ አልቅሳ አልበቃ ሲላት፣ ወንድሟ ከብስክሌቱ ገንዘብ ቀንሶ ቆሎ ገዛላት። ማንም አላዘዘውም። ሌላው የመንገድ ጣጣ ሽንት ቤት ነው። ልጅ ከቤት ሲወጣ «አልመጣብኝም» ይልና መሀል መንገድ ላይ እግሩን ያቆላልፋል። በአዲሶቹ መንገዶች ዳር የሕዝብ መጸዳጃ መሠራቱ ለልጅ እናት ከፏፏቴው ይበልጣል፤ እኔ በየት በኩል እንዳሉ ለይቼ አውቃለሁ፣ እናቶችም ከመውጣታቸው በፊት ቢለዩ ጥሩ ነው።

መስቀል አደባባይ በ2013 ታድሶ ሲከፈት ከሥሩ 1,400 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ተሠርቶለታል። ትንሿ ይህን ከሰማች ጀምሮ ደረጃው ላይ ስትዘል «ከታች ይሰማቸዋል?» ትለኛለች። ጠዋት ሯጮች ደረጃውን አንድ በአንድ እያካለሉ ሲሮጡ ታያለች፤ እሷም ሁለት ሦስቱን ሮጣ ትቀመጣለች። የ«መንገድ ለሰው» እሑዶች ከ2011 ጀምረው በወር አንዴ መንገዱን ከመኪና ነፃ ሲያደርጉ፣ ልጅ እጁን ሳይያዝ አስፋልት ላይ የሚሮጥበት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘን። ለትልቁ ያ ቀን ከማንኛውም ስጦታ ይበልጥበታል።

እሱ የሚወደው ግን ዳገቱን ወጥቶ የአፍሪካ አዳራሽን ከአጥር ውጭ ማየት ነው። በትምህርት ቤት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ተመሠረተ ሲሉት ሩቅ አገር መስሎት ነበር። የተመሠረተው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው ስለው «እዚህ? ታክሲ የምንይዝበት?» አለኝ። በውስጡ የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስታወት ሥዕል እንዳለ፣ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን በሦስት ክፍል እንደሚያሳይ ነገርኩት። አዳራሹ ታድሶ በ2017 ተመርቋል። ከዚያ ወዲህ እህቱን የሚያስጎበኛት እሱ ነው፤ ያልነገርኩትንም ይጨምርላታል።

ከሁሉ ይልቅ ስለ ልጆች ያስተማረችኝ ግን ራሷ ቂርቆስ ናት። ሐምሌ 19 እና ጥር 15 በኛ ሰፈር የንግሥ ቀን ነው። ሐምሌ ላይ ዝናብ ነው፤ አንዱ ነጠላ ለሁለት ልጅ አይበቃም፣ ጭቃው ነጭ ልብሳቸውን ያበላሻል፣ ትንሿ «መቼ ነው የምንሄደው?» እያለች ትጎትተኛለች። እንድትታገሥ ብዬ ታሪኩን ነገርኳት። ሕፃኑ ቂርቆስ የ3 ዓመት ልጅ ነው። ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በፈላ ጋን ውስጥ ሊጥሏቸው ሲሉ እናትየዋ ፈራች፤ «እናቴ አይዞሽ» ብሎ ያበረታት ልጁ ነው፤ ቅዱስ ገብርኤልም አዳናቸው። ልጄ ዝም ብላ ሰማችና «እኔ ግን አለቅስ ነበር» አለች። ወንድሟ «እኔ እይዝሻለሁ» አላት። በቤት ውስጥ ሲጨቃጨቅ የሚውል ልጅ ይህን መናገር እንደሚችል ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰፊውን መንገድ ሲሻገሩ እህቱን እሱ ይያዛት ብዬ እኔ ኋላ ኋላ እሄዳለሁ። የኔን እጅ የማይፈልግ ልጅ የሷን አይለቅም።

በዚያው ያለ እኛ መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ የፈቀድንለት በ2014 አራት ኪሎ ወደ ተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እንዲሄድ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር። ባለ ቁልፍ ስልክ ይዟል፣ እንደሚያፍርበት አውቃለሁ፤ ሲደርስ ይደውላል፣ 11 ሰዓት ላይ ቤት ይገባል። እስካሁን አላጠፋም።

ገላን ጉራ የሄዱት እናቶች ጳጉሜ ላይ ዩኒፎርም ሊያስፈቱ ዛሬም እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ የኔዎቹ ከነሱ ጋር በር ላይ ይሰበሰቡና ጨርቅ ለመቁረጥ የሚበቃ ዝምታ ቤቱ ውስጥ አገኛለሁ። በቅርቡ ከነዚሁ እናቶች ጋር ተነጋግረን በወሩ መጨረሻ እሑድ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ልጆቹን ለማገናኘት ተስማማን፤ እነሱ በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ እኛ በእግር። አንዷ ዳቦ ትይዛለች፣ አንዷ ሻይ በፔርሙዝ፣ እኔ ኳስ። ልጆቹ ሲጣሉ ማንኛችንም እንቆጣለን ብለናል። ትልቁ ግን አልበቃውም፤ ገላን ጉራ ጓደኛዬ ቤት ለብቻዬ ሄጄ ልደር ይላል። አባቱ ክረምት ላይ ይሞክር ባይ ነው፣ እኔ ሚኒስትሪ ይፈተን እላለሁ፤ ገና አልተስማማንም።